ኃይል የሚያርፍበት ስፍራ

ሰው በሕይወቱ ዘመን ደጋግሞ ከሚገጥሙት ነገሮች አንዱ እንቢታ ነው። ድንጋይ እንቢ ይላል፤ እንጨት እንቢ ይላል፤ ብረት እንቢ ይላል፤ ሰውም እንቢ ይላል። እንቢታ የገጠመው ሰው እንደ ልማድ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል፤ ይኸውም ወይ ኃይሉን ይጨምራል፥ ወይም ነገሩን እንዳለ ይተዋል። ኃይል የጨመረውን ጐበዝ፥ የተወውን ታጋሽ ማለት የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ግን ከነዚህ ከሁለቱ አስቀድሞ የሚመጣ ነው። ኃይል ይገባል ወይስ አይገባም ከማለታችን በፊት፥ የሚገባ ከሆነ በየትኛው ክፍል ላይ ይረፍ ብለን መጠየቅ አለብን እንላለን።

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የምናመጣው ከታላላቅ ፈላስፎች መጽሐፍ ሳይሆን ከጋራዥ ነው። አንባቢ በዚህ አይደነቅ። የእጅ ሥራ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅ መኖሩ፥ ብረት ቀጥቃጩም ሸማኔውም በሥራው ስም ሲሰደብ መቆየቱ የታወቀ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነበር። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። በዘይት የቆሸሸ እጅ የሚሠራውን ሥራ የጉልበት ብቻ እንጂ የአእምሮም ሥራ አድርጎ የማይቈጥር ሰው ዛሬም አይታጣም። ነገር ግን ብረት ለጠየቀው ሁሉ ያለ አድልዎ የሚመልስ መምህር ነው። ሰውን በንግግር ማታለል ይቻላል፤ ብረትን በንግግር ማታለል አይቻልም።

ምሳሌያችን ላዳ የተባለችው አውቶሞቢል ናት። የዚህች መኪና የትውልድ ሐረግ የሚመዘዘው ከኢጣሊያ ነው። የፊያት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ፊያት 124 በማግሥቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ አውቶሞቢል ተብሎ ተመርጦ ነበር። የሶቪየት ኅብረት መንግሥት ከፊያት ጋራ ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶልያቲ ከተማ ታላቅ ፋብሪካ አሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ወጡ። መሐንዲሶቹም ለአገራቸው ሸካራ መንገድ እንድትስማማ ብለው የቆርቆሮዋን ውፍረት ጨመሩ፤ ከመሬትም ከፍ አደረጓት። ከዚያው ሐረግ የወጡ መኪናዎች እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠሩ ቆይተዋል። በአዲስ አበባም ላዳ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግላለች። ሙሽራ አጅባለች፤ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት አድርሳለች፤ ባለቤትዋንም ከነቤተ ሰቡ አብልታለች። እንዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶ ማሠራት ለአንዳንዱ ሰው የትርፍ ጊዜ ደስታ ሲሆን ለብዙው ግን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

የላዳን የፊት ጎማዎች ከአካልዋ ጋራ የሚያያይዙ የብረት ክንዶች አሉ፤ የጋራዥ ሰዎች ብራቾ ይሏቸዋል። ብራቾው ከአካሉ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ጎሚኒ የሚባል ነገር ይገባበታል። ጎሚኒ ማለት አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት አጫጭር የብረት ቱቦዎች ሲሆኑ፥ በመካከላቸው ላስቲክ ታጭቋል። የውጭው ቱቦ በብራቾው ዓይን ውስጥ በግፊት ተጨንቆ ይገባል። የውስጡ ቱቦ ደግሞ በዳዶ ተጠብቆ ይያዛል። ሁለቱም በያሉበት አይንሸራተቱም፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር እየተጠማዘዘ የሚመለሰው በመካከል ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። ጎሚኒ፥ ብራቾ፥ ሞላ፥ ቡሎን፥ ዳዶ የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸውና መኪናዋም መጠሪያዎቹም በአንድ ሐረግ ይገናኛሉ።

የጎሚኒ ሥራ የማይታይ ሥራ ነው። የመንገዱን ድንጋይ ምት ይቀበላል፤ ምቱን አለዝቦ ያሳልፋል፤ ራሱ ግን አይጮኽም። ደኅና ሳለ ማንም አያስታውሰውም። ባረጀ ጊዜም ጥፋቱ የሚገለጠው በራሱ ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ ነው። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ይበላል፤ መሪው አንድ ስፍራ አልረጋ ይላል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ ጐን ትስባለች። ተሳፋሪው መሪው ተበላሸ ይላል፤ ባለ መኪናው ጎማ የሸጠለትን ነጋዴ ይወቅሳል። ልክ እንደዚሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በዝምታ የሁሉን ጭንቅ የሚቀበል ጸሓፊ ወይም ተላላኪ ሲደክም፥ ድካሙ የሚታየው በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በአለቃውና በባለ ጉዳዩ ጠብ ላይ ነው።

ታዲያ ያረጀው ጎሚኒ ይውጣ ሲባል እንቢታው ይጀመራል። የእንቢታውም ምክንያት የታወቀ ነው። መጀመሪያ ነገር የውጭው ቱቦ ከብራቾው ዓይን ጥቂት እንዲሰፋ ሆኖ ተሠርቶ በግፊት የገባ ነው። ሁለተኛም በክረምት ጭቃና ውሃ በሁለቱ መካከል ዝገት ይፈጠራል፤ ዝገት ከተገኘበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የጠበበውን ይበልጥ ያጨናንቀዋል። ሦስተኛም በዕድሜ የደረቀው ላስቲክ ተሰነጣጥቆና ልስላሴው ጠፍቶ የምንሰጠውን ግፊት በትክክል ወደ ቱቦው አያደርስም። እንግዲህ ይህን እንቢታ ስንመረምረው በውስጡ ክፋት አናገኝበትም። ጎሚኒው ዛሬ አልወጣም የሚለው ትናንት እንዳይወጣ ተደርጎ ስለ ገባ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ታማኝነት ብለን የተገለገልንበትን ጥብቅነት ዛሬ ግትርነት ብለን እንሰድበዋለን። በሰው ዘንድም ግትርነት ብለን ከምንጠራው ጠባይ ምን ያህሉ ጊዜው ያለፈበት ታማኝነት እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል።

ምክንያቱን ሳይመረምር ወደ ሥራ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው መዶሻ ነው። መዶሻ በራሱ ክፉ መሣሪያ አይደለም። የመዶሻ ምት ግን በአንድ ቅጽበት ስለሚያርፍ ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ መቺው አይመርጥም። የላዳ ብራቾ ከወፍራም ቆርቆሮ በመጫን የተሠራ ነው። ከበታቹ በሚገባ ሳይደገፍ ከተመታ ይጐብጣል፤ ዓይኑም ክብነቱን አጥቶ ይሞላለል። ከሞላለለ በኋላ አዲስ ጎሚኒ ቢገባበትም አጥብቆ አይይዘውም። ይህን ያየ ቅን ባለ ሙያ ለባለ መኪናው ይናገራል፤ ቅን ያልሆነው ግን በብየዳ አጣብቆ፥ ቀለም ቀብቶ፥ ዋጋውን ተቀብሎ ያሰናብታል። ያ ብራቾ አንድ ቀን ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ፥ የመዶሻውን ዕዳ የሚከፍለው መቺው ሳይሆን በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ኃይል ያለ ስፍራው ሲያርፍ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው፤ ዕዳው ከሠሪው ተሻግሮ ምንም ባላወቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

ከመዶሻ ቀጥሎ የሚመጣው እሳት ነው። ላስቲኩን አቃጥሎ ማውጣት ፈጣን መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ካገኘው ብልኀት ወዲህ ላስቲክ የሚጠነክረው ከድኝ ጋራ በመጋል ስለ ሆነ፥ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ከድኙም ከሌላውም መርዝ የተቀላቀለበት ነው። ያን ጢስ የሚተነፍሰውም ብዙ ጊዜ መኪናው ሥር የተኛው ልጅ፥ ማለት የዕለት ደመወዙ ከሁሉ ያነሰው ረዳት ነው። ጌታው ጊዜ ያተርፋል፤ ረዳቱ ከሳንባው ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ፍጥነት ትርፍ ብሎ መጥራት ሒሳብን አለማወቅ ነው።

አሁን ደግሞ የዐዋቂውን ሥራ እንመልከት። ዐዋቂው አስቀድሞ የሚያስበው የታመቀውን ኃይል ነው። የላዳ የፊት ሞላ በታችኛው ብራቾ ላይ ተጭኖ ይቀመጣል፤ በሞላ መጭመቂያ ሳይያዝ ብራቾው ቢፈታ ተስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞላውን ያስራል፤ በክሪክ ብቻ ሳይተማመንም መኪናዋን በጽኑ መቆሚያ ላይ ያሳርፋል። ብራቾውን ካወጣ በኋላ የዛገውን ስፍራ በብረት ብሩሽ ጠርጎ ዝገት የሚያላላ ዘይት ያጠጣና ያሳድረዋል። ከዚያም ከአንድ ወገን በጎሚኒው የውጭ ቱቦ ልክ የሆነ የብረት ቀለበት፥ ከሌላው ወገን ጎሚኒውን ሊቀበል የሚችል ሰፋ ያለ ቱቦ አድርጎ፥ በመካከላቸው ረጅም ቡሎን አሳልፎ በዳዶ ቀስ እያለ ይስባል። ለቀለበቱ ብዙ ጊዜ የሚበቃው አሮጌ ኩሽኔታ ነው።

የቡሎንን ኃይል የሚጠራጠር ተማሪ ቢኖር ሒሳቡን ይሥራው። እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፍቻ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር እጃችን 188 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን ግን በዚያው ዙር የሚጓዘው 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰበቃ ብዙውን ባይበላው ኖሮ የእጃችን ኃይል ከ1,200 ጊዜ በላይ በተባዛ ነበር። ሰበቃ ከበላው በኋላ የሚተርፈውም መዶሻ ያላነቃነቀውን ለማነቃነቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ዐዋቂው ላስቲኩን በመሰርሰሪያ በስቶ ያወጣና ሴጌቶ በሚባለው የብረት መጋዝ የውጭውን ቱቦ ከውስጥ በኩል ይሰነጥቀዋል፤ መጋዙም የብራቾውን ዓይን ሳይነካ ይቆማል። የተሰነጠቀው ቱቦ ጭንቀቱ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በቀላል ግፊት ይወጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ዐዋቂው ኃይልን አልናቀም። እንዲያውም የተጠቀመበት ኃይል ከመዶሻው ይበልጥ እንደ ሆነ እንጂ አያንስም፤ በመጨረሻም ቱቦውን ቈርጦ እስከ ማጥፋት ደርሷል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የዐዋቂው ኃይል ያረፈው ሊጣል በተፈረደበት ክፍል ላይ ነው፤ የመዶሻው ኃይል ግን ሊጣል የሚገባውንና ሊጠበቅ የሚገባውን ሳይለይ አረፈ። ኃይልን ትክክለኛ የሚያደርገው ማነሱ ወይም መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ መለየቱ ነው።

አዲሱን ጎሚኒ በማስገባትም ያው ሕግ ይሠራል። መገፋት ያለበት የውጭው ቱቦ ነው፤ ከዓይኑ ጋራ የሚታገለው እርሱ ነውና። የውስጡን ቱቦ የገፋ እንደ ሆነ ግን ኃይሉ በላስቲኩ በኩል ስለሚያልፍ አዲሱ ላስቲክ ገና ሥራ ሳይጀምር ይቀደዳል። ከሁሉም የሚረቀው የመጨረሻው ማጥበቅ ነው። መኪናዋ ተንጠልጥላ፥ ጎማዋ ወደ ታች ወርዶ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ፥ ላስቲኩ የሚያዘው በማይኖርበት አቋም ነው። መኪናዋ ወርዳ በእግርዋ ስትቆም ላስቲኩ እንደ ተጠማዘዘ ይቀራል፤ ቆማ ስታድርም ዕረፍት አያገኝም፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ ዐዋቂው መኪናዋን ወደ መሬት አውርዶ፥ ክብደትዋን እንድትሸከም አድርጎ፥ በመጨረሻ ያጠብቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ እንደ ቃሉ ይፈጸማል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ የሕሊና መመዘኛ ነው። ተንጠልጥሎ የጠበቀውንና ቆሞ የጠበቀውን ጎሚኒ በዚያው ዕለት በዓይን መለየት አይቻልም። ባለ መኪናው አያውቅም፤ ተቈጣጣሪም አይጠይቅም። ጉድለቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ወቀሳው በዕቃው ላይ ያርፋል። ታዲያ ማንም በማያይበት ስፍራ አንድ ሰው ከመኪና ሥር እንደገና ተንፏቆ ገብቶ በሚገባ የሚያጠብቀው ስለ ምን ነው? ደመወዝ አልጨመሩለትም፤ ምስጋናም አይጠብቅም። ሥራውን የሚያየው የሚሠራው ራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው እንላለን። በመዝገብ ቤት ያለው ጸሓፊ፥ የተማሪን ደብተር በሌሊት የሚያርመው መምህር፥ ሁሉም በዚህ ሚዛን ይመዘናሉ።

ከጋራዥ ወጥተን ወደ ትምህርት ቤት ብንሄድ ጥያቄው ያው ነው። አንድ ተማሪ ትምህርት አልገባው ብሎ እንቢ ሲል፥ የሚወጣው ያለማወቁ ነው፤ የሚጠበቀው ክብሩና የማወቅ ፍላጎቱ ነው። በጓደኞቹ ፊት ደንቈሮ ብሎ የሚሰድበው መምህር ኃይሉን ያሳረፈው በሚጠበቀው ላይ ነው። ያለማወቁ ከነዝገቱ በስፍራው ይቀራል፤ ዓይኑ ግን ተሞላልሏል፤ ኋላ የሚመጣውም ትምህርት አጥብቆ አይያዝበትም። በመሥሪያ ቤትም አዲስ ሥራ አስኪያጅ አሮጌውን አሠራር ልለውጥ ሲል እንቢታ ይገጥመዋል። ዝገቱ የቱ ነው፥ ብራቾው የቱ ነው ብሎ ሳይጠይቅ ሁሉን በአንድነት የመታ እንደ ሆነ፥ ከማይጠቅመው ልማድ ጋራ ለብዙ ዘመን የተከማቸውን የሥራ ዕውቀት አብሮ ይሰብረዋል። ብራቾ ግን እንደ ጎሚኒ ከመደብር ተገዝቶ ወዲያው የሚተካ አይደለም።

ነገር ግን ምሳሌ ሁሉ ወሰን አለው። በጋራዥ ውስጥ የሚጠበቅ ክፍልና የሚጣል ክፍል አለ፤ በሰዎች መካከል ግን የሚጣል ሰው የለም። አንድን ሽማግሌ ሠራተኛ ያረጀ ጎሚኒ ብሎ የሚጠራ ቢኖር ምሳሌያችንን አልተረዳም። የሚወጣው ልማዱ፥ ስሕተቱ፥ ያለማወቁ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሰው ሁልጊዜ ከሚጠበቀው ወገን ነው። ይህን የረሳ ለውጥ ስሙ ሥልጣኔ ቢባልም ሥራው የመዶሻ ነው።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፤ ትዕግሥት የሀብታም ነገር ነው፤ መኪናው ጋራዥ ባደረ ቁጥር የታክሲ ነጂው ልጆች ጾም ያድራሉ። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው፤ በስብከት ብቻም አይመለስም። መልሳችን ግን የሚከተለው ነው። እኛ ያመሰገንነው ዝግታን ሳይሆን መለየትን ነው። መለየት ብዙ ጊዜ አይፈልግም፤ ቀለበትና ቡሎን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ከመዶሻ ይልቅ ሊፈጥን ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ የጐበጠ ብራቾ ፍለጋ ከመደብር መደብር የሚዞር ነጂ ከአንድ ሌሊት የበለጠ ብዙ ቀን ያጣል። ደግሞም የአንዱን ሌሊት ኪሳራ ነጂው ብቻውን ይሸከመው ማለታችን አይደለም፤ በሚገባ የተሠራ ሥራ ዋጋ እንዳለው ማወቅ የተሳፋሪውም፥ የባለ ጋራዡም ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ በተቃራኒው የሚመጣ ነው፤ እንግዲያስ እንቢ ያለውን ለምን በስፍራው አንተወውም ይላል። አንዳንድ ሰው ጎሚኒው ሲንቋቋ ሰምቶ ግሪስ ይቀባዋል፤ ጩኸቱም ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። ነገር ግን ዘይትና ግሪስ የተፈጥሮ ላስቲክን አሳብጠው የሚያላሽቁ ናቸውና፥ የተገኘው ዝምታ ጥፋቱን አፋጠነው እንጂ አላዳነውም። ጩኸትን ዝም ማሰኘት ፈውስ አይደለም። የባለ ጉዳይን አቤቱታ በለዘበ ቃል ነገ ና እያሉ ማሰናበት፥ የተማሪን ጥያቄ ኋላ ትደርስበታለህ ብሎ ማለፍ የዚህ ዓይነት ግሪስ ነው። መዶሻውና ግሪሱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የሚወለዱት እንቢታው ስለ ምን መጣ ብሎ ለመጠየቅ ካለመፍቀድ ነው።

እንግዲህ ነገራችንን ስናጠቃልል፥ እንቢ ባለ ነገር ፊት የቆመ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ እንላለን። መጀመሪያ፥ የያዘው ምንድር ነው? ሁለተኛ፥ የሚወጣው የቱ፥ የሚጠበቀውስ የቱ ነው? ሦስተኛ፥ ሥራው ተፈጽሞ ነገሩ የዕለት ሸክሙን ተሸክሞ ሲቆም እንዴት ይሆናል? እነዚህን ሦስቱን ሳይመልስ ኃይሉን የሚያነሣ ሰው ቢሳካለት እንኳ ዕድል ረድቶታል እንጂ ዕውቀት አልረዳውም። መልሶ የሚያነሣ ግን ክንዱ ደካማ ቢሆንም የበረታ ነው፤ ኃይሉ ከሚገባው ስፍራ ላይ ያርፋልና።